እሳት ያሳየሁት ቀለበት

ይህን ለመጻፍ ከዓመት በላይ አመንትቻለሁ። ሌላ ሰው ሲያጠፋ አይቶ መተረክ ቀላል ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ማንም ሳያስገድደኝ።

አምና ጥር ላይ ታናሽ ወንድሜ አገባ። ከሠርጉ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ለሥልጠና ታንዛኒያ፣ አሩሻ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ለእጮኛው ቀለበት ይዞ መጣ። ነጭ ወርቅ ሆኖ መሐሉ ላይ ሞላላ ሰማያዊ ፈርጥ አለው። «እታለም፣ ታንዛናይት ይባላል» አለኝ። «ከዚያ አገር በቀር ዓለም ላይ የትም አይገኝም።» አፌ «እሰይ» አለ። ሆዴ ግን «የሻጭ ወሬ» አለ።

ጥሎሹ የተሰጠው ደብረ ማርቆስ፣ የሙሽራዋ ወላጆች ቤት ነው። ጥሎሽ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ቀሚሱ ይነሳል፣ ጫማው ይነሳል፣ ሐብሉ ይነሳል። የቀለበቱ ተራ ደርሶ ሳጥኑ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ወረቀት ወደቀች። የሙሽራዋ አክስት አነሷት። መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ።

«2.10 ካራት።» ቀና አሉ። «ሁለት ካራት? ኧረ የእኔ ጉትቻ እንኳ ሀያ አንድ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። የወርቅ ካራትና የድንጋይ ካራት ስማቸው እንጂ ሥራቸው እንደማይገናኝ ያኔ አላውቅም። ወርቅ ላይ ካራት ማለት ጥራት ነው፤ ከ24 እጅ ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። ድንጋይ ላይ ግን ክብደት ነው። 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። አምስት ካራት ሲደመር ገና አንድ ግራም መሙላቱ ነው።

ሲመሽ መብራት ጠፋ። ሻማ ተለኮሰ። ሙሽራዋ እጇን ለጓደኞቿ ስታሳይ ሁላችንም እኩል አየነው። ቀን ሰማያዊ የነበረው ድንጋይ ወይን ጠጅ ሆኗል።

«ቀን ሌላ፣ ማታ ሌላ» አሉ አክስቲቱ ቀስ ብለው። «ቀለሙን የሚቀይር ነገር ደግሞ ምን ይታመናል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በቤታችን ወርቅ የሚገዛ ሰው ሳያማክረኝ አይገዛም። የዕቁባችን ሴቶች ሁሉ ወርቅ ቤት ይዘውኝ ይሄዳሉ። አንድ ቃል ብናገር፣ «ተዉት፣ ደህና ነው» ብል ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። እኔ ግን «እንግዲህ ይታያል» አልኩ።

«እሳት ምን ያደርገዋል?»

ቀለበቱ ለሙሽራዋ ሰፍቷት ነበር። በሳምንቱ «እባክሽ አስጠብቢልኝ» ብላ ሰጠችኝ። አምናኝ ነው የሰጠችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ ሌላ ነገር ይዤ ማርቆስ ገበያ አካባቢ ወዳሉ አንድ አረጋዊ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ።

መጀመሪያ ወርቁን ፈተሹት። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሸት፣ አሲዱን ጠብ። ውስጡ ላይ 585 የሚል ማኅተም አለ፤ 14 ካራት ማለት ነው። 18 እና 21 ለለመደ ዓይን ትንሽ ቢመስልም ወርቁ ወርቅ ነው።

«ድንጋዩስ?» አልኳቸው።

ወደ አምፖሉ አስጠግተው አዩት። «ይሄን አላውቀውም፣ የእኔ ልጅ። ወርቅ ነው የማውቀው። ለማንኛውም ላውጣውና ወርቁን ብቻ ላጥብበው? ነገ ትወስጂዋለሽ።»

እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ ማሰብ የነበረብኝን ሁሉ አሁን አስበዋለሁ። ሰውየው አላውቀውም ብለዋል። ላውጣው ብለዋል። የዕውቀታቸውን ድንበር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረውኛል። እኔ ግን ወርቅ በእሳት ይፈተናል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፈተና ማለት እሳት፣ ከእሳት የወጣ ሁሉ እውነተኛ። «እንዳለ ይሁን ጋሼ፤ እውነተኛ ከሆነ እሳት ምን ያደርገዋል?» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ቀለበቱን ቆርጠው አጠበቡት። መጋጠሚያው ላይ የጋዙን ነበልባል ለቀቁበት። ብየዳው ቀልጦ ገባ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በመቆንጠጫ ይዘው ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጭስስ አለ። ከጭስታው ሥር ሌላ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የደረቀ ሽንብራ ጥርስ ሲነካው እንደሚሰማው ያለ፣ አንዲት «ጠቅ»።

አውጥተው በጨርቅ አደረቁት። ፈርጡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነጭ መስመር ሰንጥቆታል።

«መስታወት ነው መሰለኝ» አሉ አዝነው።

ይኸውላችሁ፣ ዓመት ሙሉ ሲቆረቁረኝ የኖረው ቀጥሎ ያለው ነው። ደነገጥኩ ማለት ነበረብኝ። ደስ ነው ያለኝ። «ብዬ ነበር እኮ!» የሚል ሙቀት ደረቴን ሞላው። የዚያኑ ዕለት ማታ ለቤተሰቡ ሁሉ ነገርኩ። መስታወት ነው፣ ተሸውዷል፣ እሳት አጋለጠው። ወንድሜ ምንም አልመለሰልኝም። ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ለአሩሻው ሻጭ ደውሎ የማይባል ነገር እንዳለው የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መስኮቱ አጠገብ

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ባሕር ዳር ሥራ ነበረኝ። የወንድሜ ጓደኛ እዚያ ጂኦሎጂ ያስተምራል። ቡና ልንጠጣ ተገናኝተን ታሪኩን እንደ ቀልድ አወጋሁት። የተሰነጠቀውን ቀለበት በጥጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። እንደ ማስረጃ መሆኑ ነው።

አልሳቀም። «እስቲ አምጪው» አለ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ። ከአስተናጋጇ ነጭ ወረቀት ለመነና ቀለበቱን እላዩ ላይ አስቀመጠ። ጣናን አልፎ የሚመጣ የጠዋት ብርሃን ነው፤ ፀሐይዋ ግን በቀጥታ አታገኘውም።

«ከላይ ምን ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ።»

ቀለበቱን በጎኑ አጋደመው። «አሁንስ?»

ወይን ጠጅ። ሻማ የለም፣ ማታ አይደለም፣ ያው መስኮት፣ ያው ወረቀት።

ከዚያ የፀሐይ መነጽሩን አወለቀ። ከውሃ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያጠፋው ዓይነት፣ ፖላራይዝድ የሚባለው ነው። አንዱን መስታወት ፈርጡ ፊት ያዘና ቀስ እያለ አዞረው። እኔ በመነጽሩ ውስጥ እያየሁ ነው። ድንጋዩ ሰማያዊ ሆነ። መነጽሩ ሩብ ዙር ሲዞር ወይን ጠጅ ሆነ። እንደገና ሰማያዊ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሰማያዊ የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ የቁልፍ መያዣዬን አምጥቶ ያንኑ አደረገበት። ቢዞር፣ ቢገለበጥ፣ ያው አንድ ሰማያዊ።

«መስታወት አንድ ቀለም ነው ያለው» አለኝ። «ከየትኛውም ጎን ብታይው ያው ነው። ታንዛናይት ግን ብርሃኑ በገባበት አቅጣጫ ቀለሙ ይለያያል። ከዚያም አልፎ የቀን ብርሃን ሰማያዊውን ያጎላዋል፤ የሻማና የቢጫ አምፖል ብርሃን ወይን ጠጁን። ቀለሙን የቀየረባችሁ እውነተኛ ስለሆነ ነው።»

ስንጥቁንም አሳየኝ። መስታወት ሲሰበር እንደ ዛጎል ሆድ ጎበጥ ብሎ ነው። ይሄ ቀጥ ብሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሄደው። ታንዛናይት በአንድ አቅጣጫ እንደ እንጨት የሚፈለጥበት መስመር አለው። ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና ነው፣ እና እዚያው መስመር ላይ ይለቃል።

«እሳት አይወድም ማለት ነው?» አልኩት፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ይህን ጊዜ ሳቀ። «እሱ ነው ጉዱ። ከመሬት ሲወጣ አብዛኛው ቡናማ ነገር ነው። ሰማያዊ ያደረገው እሳት ነው። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ያሞቁታል። ግን ቀስ ብለው ያሞቁታል፣ ቀስ ብለው ያቀዘቅዙታል።»

ቡናዬ ቀዘቀዘ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም። ድንጋዩን ብቻ አልነበረም የሰበርኩት። ወንድሜን በሠርጉ ማግስት ጅል አድርጌዋለሁ። አሩሻ ያለ አንድ ሰው ባልሠራው ሥራ ሌባ ተብሏል። ያ ሁሉ የሆነው አንድ ነገር በሁለት ብርሃን ሁለት መልክ ስላሳየ ነው። ሰውም ላይ እንዲሁ ስንፈርድ እንደኖርን አሰብኩና... ይቅር፣ እዚያ አልገባም። ቀለበቱ ይበቃኛል።

የሻጭ መብራት

ልተካው ወሰንኩ። ሁለት ወር ደመወዝ አጠራቀምኩ። ወንድሜ ያንኑ ሻጭ በብዙ ይቅርታ አነጋገረልኝ። ሰውየው ረጋ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ፎቶ እንደገና ላከና «ፈለጋችሁት ላቦራቶሪ ውሰዱት» ብሎ ዘጋው። ይቅርታችንን ተቀበለ። ዋጋ ላይ ግን አንዲት ሽልንግ አልቀነሰም፤ ልክ ነው።

በዚህ መሐል ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅሁ። ወንድሜ ያለው የሻጭ ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ። ድንጋዩ የሚወጣው ከኪሊማንጃሮ ተራራ ብዙም ሳይርቅ፣ ሜሬላኒ ከሚባሉ ኮረብቶች ብቻ ነው። በ1967 እንደ ፈረንጆቹ ተገኘ። በዓመቱ ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት በአገሩ ስም ጠርቶ ገበያ አወጣው። በ2018 መንግሥት ማዕድኑ በኮንትሮባንድ እንዳይወጣ ዙሪያውን ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ ግንብ አጠረበት። በ2020 ሳኒኒዩ ላይዘር የተባለ ማዕድን ቆፋሪ አንዱ 9.27 ኪሎ፣ ሌላው 5.1 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች አውጥቶ ለመንግሥት በ7.74 ቢሊዮን የታንዛኒያ ሽልንግ ሸጠ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ኪሎ ነው ያልሽው? እንደ ድንች?» አለችኝ።

ሻጮች ከዚህ ተነስተው «ከአልማዝ በሺህ እጥፍ ብርቅ ነው» ማለት ይወዳሉ። እኔ ይህ ብዙም አይሞቀኝ። የብቸና ጤፍ ስመ ጥር ነው ተብሎ ቁና ሳይገለበጥ፣ እፍኝ ሳይዘገን ይገዛል? ስሙ የአገሩ ነው፤ ዋጋው እፊትህ ያለው እፍኝ ነው።

ሰውየው በቪዲዮ ሦስት ፈርጦች አሳየኝ። የመጀመሪያው ትልቅ ነው፤ ሦስት ካራት ያልፋል። በሱቁ መብራት ሥር እንደ ሰማይ ያበራል። እኔ ግን ተምሬያለሁ። «ወደ ደጅ አውጣልኝ፤ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ» አልኩት። ሳያንገራግር አወጣው። ሲወጣ መሐሉ ፈዞ ውሃ መሰለ። «ጋዜጣ ላይ አስቀምጥልኝ» አልኩት። ፊደሎቹ በመሐሉ በኩል ቁልጭ ብለው ተነበቡ። ድንጋዩ ሲቆረጥ ሆዱ ቀጥኗል ማለት ነው። ብርሃኑ ወደ ዓይን መመለስ ሲገባው በታች ሾልኮ ይወጣል። ካራቱ ከፍ ያለው ክብደት ላለማጣት ተብሎ ነው፤ ለዓይን የሚሰጠው ግን የለም።

ሁለተኛው ላይ «ኤ ኤ ኤ» የሚል ምልክት አለው። እዚህ ላይ የወርቅ ልምዴ ሊያሳስተኝ ነበር። 21 ካራት የትም ብትሄዱ 21 ካራት ነው፤ ልክ አለው። «ኤ ኤ ኤ» ግን ዓለም አቀፍ ልክ የለውም። ሻጩ ራሱ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። የአንዱ ሦስት ኤ የሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን ትቼ ድንጋዩን አየሁ። ቀለሙ ደህና ነው፤ ጠርዙ አጠገብ ግን በዓይን የሚታይ ስንጥቅ አለ። ታንዛናይት ብዙውን ጊዜ በባዶ ዓይን ንጹሕ ሆኖ ስለሚገኝ እንከኑ ዋጋ ይጥላል። የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የዚህ ድንጋይ ስንጥቅ ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። 1.4 ካራት። በጥላ ውስጥ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ሲጋደም ወይን ጠጅ። ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀለማቸው ፈዘዝ ይላል፤ ይሄ ግን ለመጠኑ ደፋር ነው። ለካራት ሲሰላ ከትልቁ ይወደዳል። ለምን እንደሆነ ሰውየው ሲያስረዳኝ ወደድኩት። ጠራቢው ድንጋዩን ለወይን ጠጁ ገጽ ቢያዞረው ብዙ ክብደት ይተርፈው ነበር። ሰማያዊው ወደ ላይ እንዲመጣ ሲል ብዙውን አቧራ አድርጎ ጣለው። የምከፍለው ለተጣለውም ጭምር ነው።

«በእሳት የሞቀ ነው?» ስል ጠየቅሁት፤ ለመፈተን ያህል።

«ሁሉም የሞቀ ነው እመቤቴ» አለ። አልሞቀም ቢለኝ ይልቅ እጠረጥረው ነበር። ቀለሙ አይለቅም፣ ዋጋም አይቀንስም። አንድ ሌላ ሻጭ ቀደም ሲል «በፋብሪካ የተሠራ ታንዛናይት በርካሽ አለኝ» ብሎኝ ነበርና እሱን ትቼዋለሁ። ሰው ሠራሽ ታንዛናይት ገበያ ላይ የለም። በዚያ ስም የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ወይ ቀለም ያለው መስታወት ነው፣ ወይ ፎርስተራይት የሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ነገር። መስታወቱ ውስጥ በማጉያ ስታዩ እንደ ለስላሳ መጠጥ ክብ ክብ አረፋ ይታያል። ሌሎቹን ለመለየት ግን ላቦራቶሪ ይሻላል። ላቦራቶሪው ቢሆን ምንነቱን ነው የሚጽፍላችሁ፤ ዋጋውን ለእናንተ ይተወዋል።

ቀለበት ግን አላሠራሁትም። ጥንካሬው፣ ድንጋይ ጭረትን ምን ያህል እንደሚቋቋም በሚለካው በሞስ መለኪያ፣ 6.5 አካባቢ ነው። መንገዳችን ላይ የሚቦነው አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 7 ነው፤ ይጭረዋል። ሊጥ የሚያቦካ፣ ሽሮ የሚነካካ፣ ልጅ የሚያጥብ እጅ ላይ ቢውል በሁለት ዓመት ላዩ ይደበዝዛል። የአንገት ሐብል ላይ አንጠለጠልኩት። ጀርባው ክፍት እንዲሆን ለመንኩ፤ የተደፈነ ጀርባ ሥር ምን እንደተለጠፈ አይታወቅም። ማጽጃው ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው። ወርቅ ቤቶች ዘንድ ያለውን የሚያንቀጠቅጥ ማጠቢያ ማሽን እንዳያሳዩት ወረቀት ላይ ጽፌ ከሳጥኑ ጋር አደረግሁ።

ለፋሲካ ማርቆስ ይዤው ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ከፈተችው። ወደ መስኮቱ ሄዳ ሳልነግራት አጋደመችው። ከዚያ ዞር ብላ «የተሰነጠቀውስ?» አለችኝ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጥጡን ፈታሁ። ወስዳ ጣቷ ላይ አደረገችው። ልክ ሆናት። ጠብቦ የለ!

«ይቅርታ» አልኩ። መቼም ቃሉ ትንሽ ነው።

«ወንድምሽን በይው» አለችኝ። ለእሱ ብዬው ነበር፤ ሁለት ጊዜ። አንዱን ጊዜ «እሺ እታለም» ብሎኛል። ሌላውን ጊዜ ዝም ነው ያለው።

ሲመሽ እንደ ልማዱ መብራት ሄደ። ሻማ መጣ። አክስቲቱም ነበሩ። ሐብሉ አንገቷ ላይ ወይን ጠጅ ሲሆን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄም ይቀይራል» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ ይቀይራል።»

ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ካራቱ ስንት ነው?»

«አንድ ነጥብ አራት።»

«ወይ ጉድ» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።